ገበያ የቀዘቀዘባቸው የሰፈራችን ምግብ ቤቶች በትንሽ ወጪ ደንበኛ ሊያገኙ ይችላሉ



በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናወጣው ስለ ውኃ መስመር፣ ስለ ቆሻሻ አወጣጥ፣ ስለ ጥበቃ ክፍያና ስለ ወርኃዊ መዋጮ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ሰፈራችን ምግብ ቤቶች ልንነጋገር ወደናል። ምክንያቱም ከዋናው መንገድ ጀምሮ እስከ ወፍጮ ቤቱ ባለው ቅያስ ከነበሩት ሰባት ምግብ ቤቶች መካከል ሁለቱ ተዘግተዋል። የቀሩት አምስቱም ቢሆኑ በምሳ ሰዓት ሲታዩ ከተያዘው ወንበር ባዶው ይበልጣል።

አንዳንድ አባሎቻችን «ነጋዴ ቢያተርፍም ቢከስርም ማኅበሩን ምን አገባው?» ሲሉ ሰምተናል። ይህ አነጋገር ትክክል አይመስለንም። እስቲ ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከተዘጉት ከሁለቱ ምግብ ቤቶች አንዱ አራት ሴቶች ያሠራ ነበር። ሁለቱ የዚሁ ሰፈር ልጆች ናቸው። እንጀራውን የሚያቀርቡለት ሁለት እናቶች ነበሩ፤ እነሱም የእኛው የማኅበር አባሎች ናቸው። ወተትና እንቁላል፣ ከሰልና ሽንኩርት ከአጠገቡ ካሉ ሱቆች ነበር የሚገዛው። ቤቱ ሲዘጋ የከሰረው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ደግሞም ያ ቤት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ደጁ ላይ መብራት ያበራ ነበር። ዛሬ ያ ማዕዘን ጨለማ ነው። ከሥራ አምሽተው የሚገቡ ልጆቻችን በዚያ በኩል ማለፍ ትተው በላይኛው መንገድ ይዞራሉ። እንግዲህ ይህ የማኅበሩ ጉዳይ ካልሆነ የማን ጉዳይ ሊሆን ነው?

በመጀመሪያ የገበያው መቀዝቀዝ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መፈለግ ገንዘብ ማባከን ነውና።

እንደሚታወቀው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ከዚያ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የምንበላው ሽሮ አገር ውስጥ የበቀለ ቢሆንም፣ ሽሮው የሚሠራበት ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ጤፉን ከገበሬው የሚያመጣው መኪና የሚጠጣው ነዳጅም እንደዚሁ። ስለሆነም አንድ ሳህን ምግብ ለማቅረብ የሚወጣው ወጪ ጨመረ። በሌላ በኩል የደመወዝተኛው ኪስ በዚያው ልክ አልጨመረም። ድሮ በሳምንት አምስት ቀን ምሳውን ውጭ ይበላ የነበረ ሠራተኛ ዛሬ አራቱን ቀን ምሳ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ሰውየው ምግብ ቤቱን ጠልቶ እኮ አይደለም፤ ሒሳቡ ቢያቅተው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የደንበኛ መዛወር ነው። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ከፒያሳና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል። ሰው ሲዛወር ቁርስ የሚበላበትም፣ ቡና የሚጠጣበትም ቦታ አብሮ ይዛወራል። የቆዩ ደንበኞች ሄደዋል፤ በምትካቸው ወደ ሰፈራችን የመጡ አዲስ ነዋሪዎችና ተከራዮችም አሉ። እነዚህ አዲሶቹ ግን ውስጥ ለውስጥ ያሉትን ምግብ ቤቶቻችንን አያውቋቸውም። ማን ነግሯቸው ያውቃሉ? ወገን ሆይ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል!

«ማስታወቂያ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ራዲዮና ቴሌቪዥን የትልልቆቹ ነው» የሚል ሐሳብ አለ። እኛ ግን ማስታወቂያ ማለት ይህ ብቻ ነው ብለን አናምንም። እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ ጣሳ በእንጨት ጫፍ ላይ ደፍተው ደጅ ያቆሙ ነበር። በየገጠር ከተማው ዛሬም ይታያል። ያንን ጣሳ ያየ መንገደኛ ፊደል ባይቆጥርም «እዚህ ቤት ጠላ ደርሷል» ብሎ ይገባል። ለዚያ የወጣው ገንዘብ ስንት ነው? ምንም። መልእክቱ ግን ግልጽ ነበር፤ ምን እንዳለና የት እንዳለ ይናገራል። የእኛም ምግብ ቤቶች የሚያስፈልጋቸው እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ነው። ስለዚህ ከአባሎቻችንና ከምግብ ቤት ባለቤቶቹ ጋር ተነጋግረን የደረስንባቸውን ሐሳቦች ከዚህ በታች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ዋጋን ደጅ ላይ መለጠፍ

ዛሬ ሰው ምግብ ቤት ለመግባት የሚፈራው ዋጋውን ስለማያውቅ ነው። ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ዝርዝሩ ሲመጣለት ዋጋው ከኪሱ በላይ ቢሆን ተነሥቶ መውጣቱ ያሳፍራል። ስለዚህ እንዳያፍር ሲል ከመነሻውም አይገባም። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነው። ጠዋት ጠዋት «የዛሬ ምሳ» ተብሎ ሦስት ወይም አራት ምግብ ከነዋጋው ይጻፍ። ሃያ ዓይነት መደርደር አያስፈልግም። ጽሑፉ ከመንገዱ ማዶ የሚነበብ ይሁን። ያለቀው ምግብ ወዲያው ይሰረዝ። «አለ» ተብሎ ገብተው «አልቋል» የተባሉ ሰዎች በሁለተኛው ቀን አይመለሱም።

የተጻፈው ዋጋም የመጨረሻው ዋጋ ይሁን። ሒሳብ ሲመጣ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ሲገኝ ደንበኛው ከፍሎ ይወጣል፤ ግን ወጥቶ ይቀራል። ለጓደኞቹም ያወራል።

ሁለተኛ፣ ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ መጠንን በግልጽ መለየት

ብዙ ሰው ገበያ ሲቀዘቅዝ ቶሎ ብሎ የሚያስበው ቅናሽ ነው። ቅናሽ ግን አደገኛ ነገር መሆኑን በሒሳብ እናሳይ። ለምሳሌ አንድ ሳህን በያይነቱ በ150 ብር ይሸጣል እንበል። ለጤፉ፣ ለዘይቱ፣ ለከሰሉ፣ ለኪራዩና ለሠራተኛው 120 ብር ቢወጣበት ትርፉ 30 ብር ነው። ባለቤቱ ከመቶ አሥር ቀነስኩ ሲል 15 ብር ይቀንሳል። ከዋጋው አሥር እጅ ብቻ የቀነሰ ይመስለዋል፤ ከትርፉ ግን ግማሹ ሄደ። በቀን 40 ሳህን ሲሸጥ ያገኘው የነበረውን 1200 ብር ለማግኘት አሁን 80 ሳህን መሸጥ አለበት። 80 ሰው ከየት ይመጣል? ቢመጣስ ማን ያስተናግደዋል? ቅናሹን ሲያነሣ ደግሞ «ዋጋ ጨመሩ» ይባላል።

ሌሎች ደግሞ ዋጋውን ሳይነኩ እንጀራውን ማሳነስ፣ ወጡን ማቅጠን ይጀምራሉ። ይህ ከቅናሽም የባሰ ነው። የበላተኛ ዓይን ሚዛን ነው፤ ወዲያው ያውቃል። አፍ አውጥቶ ባይናገርም እግሩ ይናገራል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ሙሉና ግማሽ ብሎ በግልጽ መለየት ነው። ሙሉ ሳህን በዚህን ያህል፣ ግማሽ ሳህን በዚህን ያህል ተብሎ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። አቅሙ የቀነሰ ደንበኛ ሳያፍር ግማሹን አዝዞ ይበላል፤ ምግብ ቤቱም አይከስርም። በተጨማሪም ወጥ ለብቻው መሸጥ ይቻላል። ምሳ ዕቃ ይዘው የሚመጡ ሠራተኞች እንጀራ ከቤታቸው አላቸው፤ ትኩስ ወጥ ግን የላቸውም። አንድ ጭልፋ ሽሮ ወይም ምስር በትንሽ ዋጋ ቢገዙ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። «እንጀራ ይዞ የመጣ አይገባም» ማለት ደንበኛን ከደጅ መመለስ ነው።

ሦስተኛ፣ የወር ኮንትራት

ኮንትራት መብላት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ላጤ መምህራን፣ ሾፌሮች፣ የመንግሥት ሠራተኞች በየከተማው እንዲህ ነበር የሚኖሩት። ዛሬም ቢሆን በሰፈራችን ዙሪያ ጋራዦች፣ ብረታ ብረት ቤቶች፣ ሁለት የሚሠሩ ሕንፃዎችና አንድ ትምህርት ቤት አሉ። አንድ ምግብ ቤት 30 ሰው በኮንትራት ቢይዝና እያንዳንዱ በወር 22 ቀን ምሳ ቢበላ 660 ሳህን አስቀድሞ የታወቀ ሽያጭ ነው። ባለቤቷ ስንት ኪሎ ሽሮ፣ ስንት እንጀራ እንደሚያስፈልጋት ከማታው ታውቃለች። የሚደፋ ምግብ አይኖርም። ያልተደፋ ምግብ ደግሞ ትርፍ ነው። ከዚያ ላይ ለኮንትራተኛው ትንሽ ብታስብለት አይጎዳትም፤ ይህ በጭፍን ከሚደረግ ቅናሽ የተለየ ነው።

የሚያስፈልገው ወጪ ካርቶን ቆርጦ ካርድ መሥራት ብቻ ነው። ካርዱ ላይ ሃያ ሁለት ሣጥን ይሠመር፤ በተበላ ቁጥር አንዱ ላይ ይፈረም። ክፍያው በየአሥራ አምስት ቀኑ አስቀድሞ ቢሆን ይመረጣል። የቀን ሠራተኛ ከሆነም በየሳምንቱ ቅዳሜ ይሁን። አስቀድሞ መክፈል ያልቻለ ሰው ኮንትራት ሳይሆን ዱቤ ነው የያዘው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

አራተኛ፣ የጾምና የፍስክ ቀኖችን አውቆ መዘጋጀት

የሰፈራችን ሰው የሚበላው በቀን መቁጠሪያ ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ይህ ሁሉ አስቀድሞ የታወቀ ሆኖ ሳለ በጾም መያዣ ሳምንት «ደንበኛ ጠፋብኝ» ብሎ ማዘን ተገቢ አይደለም። ሥጋ የሚሸጥ ቤት ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው «በጾሙ ወራት ተጋቢኖ፣ ምስር፣ ጎመንና የሱፍ ፍትፍት እናቀርባለን» ብሎ ደጁ ላይ ቢጽፍ ደንበኛው ሌላ ቤት ሳይለምድ ይቆያል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ጿሚ ደንበኛ ከጣዕሙ በፊት የሚጠይቀው ስለ ድስቱ ነው። የጾሙ ድስትና ጭልፋ ከቅቤው የተለየ መሆኑን ማሳየት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ይህ ሲባል በቃል መናገር ብቻ ሳይሆን፣ የሚቻል ከሆነ ምድጃው ከደንበኛው ዓይን ፊት ይሁን።

የሙስሊም ወገኖቻችንም የረመዳን ወር በየዓመቱ በፀሐይ አቆጣጠር አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም እያለ ይመጣል። በዚያ ወር ቀኑ ቢቀዘቅዝም ማታው ሞቅ ይላል። ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ተምርና አጃ ከመግሪብ በፊት አዘጋጅቶ ለቤት የሚወሰድ አድርጎ መሸጥ ይቻላል። ሥጋን በሚመለከት የሁለቱም እምነት ሰዎች የየራሳቸውን ቤት ይመርጣሉ፤ ይህ መከበር አለበት። ሽሮና ምስር፣ ጎመንና ፓስታ በአትክልት ግን ሁሉንም አንድ ገበታ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ የጾም ምግብን የጾም ቀን ምግብ ብቻ አድርጎ ማየት ገበያን ማጥበብ ነው። ዋጋውም ከሥጋ ይልቅ ለዛሬው ኪስ የሚመች ነው።

አምስተኛ፣ በዕቃ ማውጣትና ማድረስ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ሰው ምግብ ቤት መግባት ፈርቶ እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያን ጊዜ ከሰፈራችን ምግብ ቤቶች የቆዩት ምሳውን በዕቃ አድርገው ለሱቆቹና ለጋራዦቹ ማድረስ የጀመሩት ናቸው። ያ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ባለ ሱቅ ሱቁን ጥሎ መሄድ አይችልም። መካኒክ እጁ ዘይት ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንድ ልጅ ወረቀትና እርሳስ ይዞ በየደጁ እየዞረ «ዛሬ ምን ይምጣ?» ብሎ ቢመዘግብ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በሰዓቱ ቢያደርስ፣ ይህ ምንም ሞተር ሳይክል አያስፈልገውም። ዋናው ነገር ሰዓት ማክበር ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የደረሰ ምሳ መክሰስ ነው።

ዕቃውን በተመለከተ፣ በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ ስለጸደቀ ፌስታል መተው ይኖርብናል። ደንበኛው የራሱን ምሳ ዕቃ ጠዋት ይላክ፤ ታጥቦ ተሞልቶ ይመለስለት። ለምግብ ቤቱም ወጪ ይቀንሳል።

ስድስተኛ፣ በስልክ መጠቀም

በእጃችን ያለው ስልክ ነጻ ማስታወቂያ ነው። የቴሌግራም ቻናል መክፈት አያስከፍልም። ጠዋት የሰሌዳውን ፎቶግራፍ አንሥቶ መላክ በቂ ነው፤ ያማረ ንግግር አይፈለግም። የቤቱን ቦታ በጉግል ካርታ ላይ ማስመዝገብም በነጻ ነው። በዚህ ረገድ ባለቤቶቹ ካልለመዱት የሰፈራችን ወጣቶች በአንድ ከሰዓት ሠርተው ሊሰጧቸው ይችላሉ። ፎቶው ግን የዚያው ቤት ምግብ ይሁን እንጂ ከሌላ ቦታ የተወሰደ አይሁን። በስልክ ያየው ሥጋ ሳህኑ ላይ ካልተገኘ ደንበኛው እንደተታለለ ይቆጥረዋል።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጥሬ ገንዘብ የማይዝ ሰው በዝቷል። የመክፈያ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ሆኖም ገንዘቡ መግባቱ በምግብ ቤቱ በራሱ ስልክ ላይ በሚደርሰው መልእክት ይረጋገጥ። የደንበኛውን ስክሪን አይቶ ብቻ ማሰናበት ለአጭበርባሪ በር መክፈት ነው።

ሰባተኛ፣ ንጽሕና

ይህን በመጨረሻ አስቀመጥነው እንጂ ከሁሉም ይቀድማል። ሳሙና ያለው መታጠቢያ፣ የሚፈስ ውኃ፣ ባይኖርም በጀሪካን የተቀዳ፣ የማይሸት መጸዳጃ ቤት፣ ፀጉሯን የሸፈነች ወጥ ሠሪ፣ የታደሰ የጤና ምርመራ ካርድ። ከነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ የለም። ልጅ ይዛ የምትመጣ እናት መጀመሪያ የምታየው መጸዳጃ ቤቱን ነው። እሱ ካስጠላት ቡናውንም አትጠጣም።

እንግዲህ መደረግ የሌለበትንም ልንናገር ይገባናል።

ድምፅ ማጉያ ደጅ ላይ አስቀምጦ ሰፈሩን ማወክ ማስታወቂያ አይሆንም። ሕመምተኛ አለ፣ የሚያጠና ተማሪ አለ። ወንበርና ጠረጴዛ የእግረኛ መንገድ ላይ መደርደርም እንዲሁ፤ አሮጊቶች በመኪና መንገድ እንዲሄዱ ማስገደድ ነው። እንዲሁም አንዱ ምግብ ቤት የሌላውን ሠራተኛ ማስኮብለልና ስም ማጥፋት መቆም አለበት። አምስት ቤት ሁሉም ሽሮና ጥብስ ብቻ ከሚሠሩ አንዷ በቁርስ፣ በፉልና በጨጨብሳ፣ አንዷ በተጋቢኖ፣ አንዷ በቅቅልና በዱለት፣ አንዷ በፓስታ ብትታወቅ ሰው «ወደዚያ ቅያስ እንሂድ፤ የምንፈልገው አይታጣም» ይላል። አንድ ቅያስ ሲታወቅ ሁሉም ይጠቀማል። ሽንኩርትና ቲማቲሙንም በተራ አንድ ሰው ሄዶ ከጅምላ ገበያው ለአምስቱም ቢያመጣ የመኪናው ኪራይ ለአምስት ይከፈላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ነዋሪዎቹ እንምጣ። ምግብ ቤቶቹን ብቻ መምከር ፍትሕ አይሆንም።

በዱቤ የበላን ሰዎች አለን። ከተዘጉት ምግብ ቤቶች የአንዱ ባለቤት የዱቤ ደብተራቸውን አሳይተውናል። የተጻፉት ስሞች ሁሉ የሚታወቁ ናቸው፤ እዚህ አንዘረዝራቸውም። ነገር ግን ያ ደብተር ላይ ያለው ገንዘብ በጊዜው ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ የአንድ ወር ኪራይ ይሸፍን ነበር። ለሌላው የዱቤ ሂሳብ «ነገ» እየተባለ የሚታለፈው ምግብ ቤት ሴት ስለሆነች፣ ስለምታውቀን፣ ስለምታፍረን ነው። ይህ አያኮራንም። ቤቱ ቢዘጋም ዕዳው አልተዘጋም፤ ሴትዮዋ አሁንም በሰፈራችን አሉና ሄዶ መክፈል ይገባል።

ክርስትና፣ ልደት፣ ምርቃት፣ ሠልስትና ተዝካር ሲኖረን ደግሞ ምግቡን ከሩቅ እያዘዝን ነው የምናመጣው። ለመሆኑ መጀመሪያ የሰፈራችንን ምግብ ቤት ጠይቀን እናውቃለን ወይ? ሁሉንም ይሥሩልን ማለታችን አይደለም። ወጡን ቤት ሠርተን እንጀራውን፣ ወይም ዳቦውን ቤት ጋግረን አትክልቱን ከእነሱ ብንወስድ ለአንዲት ምግብ ቤት የሳምንት ሥራ ነው።

ምግቡ ሲበላሽም እዚያው ለባለቤቷ መናገር እንጂ ወጥቶ ሰፈር ለሰፈር ማውራት አይገባም። «ዛሬ ጨው በዝቶበታል» ብሎ በትሕትና የሚነግር ደንበኛ ለምግብ ቤት ወዳጅ ነው። ሲጣፍጥ ደግሞ ለሌላው መናገር የእኛ ድርሻ ነው። አዲስ ተከራይ ወደ ግቢያችሁ ሲገባ ውኃው የሚመጣበትን ቀን እንደምትነግሩት ሁሉ ቁርስ የሚበላበትንም ቤት ንገሩት። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ በገንዘብም አይገዛም።

ማኅበሩ በበኩሉ የሚያደርገውን ወስኗል። ይኸውም፦

ሀ. ከዚህ ሰሌዳ በስተቀኝ ያለው ክፍል ለሰፈሩ ምግብ ቤቶች በነጻ ተሰጥቷል። እያንዳንዱ ምግብ ቤት ከግማሽ ገጽ ያልበለጠ ወረቀት ላይ የምግቡን ዓይነት፣ ዋጋውንና የሚከፈትበትን ሰዓት ጽፎ ያምጣ። መጻፍ የሚያስቸግራቸው ካሉ ጽሕፈት ቤት ድረስ ቢመጡ እንጽፍላቸዋለን። ወረቀቱ በየሳምንቱ ሰኞ ይለወጣል፤ ዋጋው የተለወጠ ማስታወቂያ ይነሣል።

ለ. የማኅበሩ ወርኃዊ ስብሰባ ቡናና ቆሎ ከእንግዲህ በየተራ ከአምስቱ ምግብ ቤቶች ይታዘዛል። ሒሳቡ በዕለቱ በእጅ ይከፈላል።

ሐ. ከጋራዦቹና ከሁለቱ ሕንፃ ሥራ ኃላፊዎች ጋር ስለ ኮንትራት ምሳ የሚነጋገሩ ሦስት አባላት ተመርጠዋል። ምግብ ቤቶቹ በቀን ስንት ሰው ሊያስተናግዱ እንደሚችሉ በትክክል ያስመዝግቡ። ለ20 ሰው የሚሆን ድስት ይዞ ለ50 ሰው መዋዋል ነገ ያሳፍራል።

መ. በተዘጋው ምግብ ቤት ማዕዘን ላይ አምፖል እንዲበራ ከጎኑ ካሉት ሁለት ግቢዎች ጋር ተነጋግረናል፤ የመብራቱን ሒሳብ ማኅበሩ ይካፈላል።

እነዚህ ሐሳቦች ጤፍን አያረክሱም፣ ዶላርንም አያወርዱም። ይህ ከእኛ አቅም በላይ ነው። ነገር ግን ጠመኔ ከአቅማችን በላይ አይደለም፤ ካርቶን ቆርጦ ካርድ መሥራት፣ ዕዳን መክፈል፣ ለጎረቤት መንገር ከአቅማችን በላይ አይደሉም። አምስቱ ቤቶች አሁንም ክፍት ናቸው። የሚመጣው ክረምት ነው፤ ዝናብ ሲጥል ሰው ከቤቱ ስለማይወጣ ለምግብ ቤት ከባድ ወቅት ነው። ስለዚህ የሚደረገው ሁሉ ከወዲሁ ቢደረግ ይሻላል።

ተቃውሞ ወይም የተሻለ ሐሳብ ያለው ነዋሪ በጽሑፍ አድርጎ በጽሕፈት ቤቱ ደጅ ባለው ሣጥን ውስጥ ይክተት፤ በሚቀጥለው ጽሑፋችን እናወጣዋለን። የምግብ ቤት ባለቤቶችም እስከ መጪው ሰኞ ድረስ ወረቀታችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ማኅበሩ